ከሊማሊሞ በፊት

ሐኪሙ ያለውን ቃል በቃል አልተረጎምኩትም።

ሲያትል፣ አንድ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነን። አባባ አገጫቸውን መሣሪያው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ላገናኛችሁ ብላ ነበር፤ "እኔ አለሁ፣ አያስፈልግም" ያልኳት ራሴ ነኝ። ሐኪሙ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና ግላኮማው ዘግይቶ እንደተደረሰበት፣ ቀኝ ዓይናቸው በዳር በኩል ያለውን ሁሉ እንዳጣ፣ ግራውም እየተከተለ እንደሆነ ነገረኝ። ጠብታው ሊያዘገየው ይችላል፤ የጠፋውን ግን አይመልሰውም። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ወዲያ ብርሃንና ጨለማን ቢለዩ ነው።

"ምን አለ?" አሉኝ አባባ።

"ጠብታውን ሳያቋርጡ ያድርጉ ነው የሚለው። ይሻልዎታል።"

"እግዜር ይስጠው" አሉና ተነስተው የሐኪሙን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ሰውዬው መርዶ ነግሮ ሲመሰገን ግራ ገባው መሰለኝ፣ እኔን አየኝ። እኔ ኮቴን ለበስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ አውራ ጎዳናው ላይ መኪናው ሁሉ ቆሞ፣ ዝምታው ሲከብደኝ እንደ ጨዋታ ጠየቅኳቸው። "አባባ፣ አሁን የሚወዱትን አንድ ቦታ ይዩ ቢባሉ ምን ያያሉ?"

አላሰቡም። "ሊማሊሞን።"

"እሺ፣ ይታያል" አልኩ። በእኛ ቤት "ይታያል" ማለት አይሆንም ማለት ነው። ያንን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

አባባ የተወለዱት ደባርቅ ነው፣ በ1937 ዓ.ም.። ሠላሳ አንድ ዓመት "አውራ ጎዳና" ሠርተዋል፤ ሰዉ መሥሪያ ቤቱን የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ከቀን ሠራተኝነት ተነስተው ግሬደር ኦፕሬተር ሆኑ። ሊማሊሞን ያላየ ሰው ካለ፦ ከደባርቅ ወደ ሰሜን ሲወጡ ምድሩ በድንገት ያልቃል። ከእግር በታች ገደል፣ ከገደሉ በታች የሰሜን ተራሮች እንደ ተሰበረ ጥርስ ቆመው። መንገዱ በዚያ ገደል ግድግዳ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የጠረበው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ ይቆርጠዋል፣ አባባም በግሬደራቸው ይገጥሙታል። እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ ተራራ የሚያስተካክል ሰው ይመስለኝ ነበር።

በሳምንቱ ለሁለታችን የአላስካ ጉዞ ገዛሁ። አውሮፕላኑን፣ ባቡሩን፣ ሆቴሉን፣ ጀልባውን ስደምረው ደባርቅ አድርሶ የሚመልስ ገንዘብ ሆነ። አውቄዋለሁ። አውቄ ከፈልኩ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነበር፦ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው፣ ደባርቅ ከፍታው ይከብዳቸዋል፣ የሥራ ፈቃዴ አጭር ነው። እውነተኛውን ምክንያት ቆይቼ እናገራለሁ፤ ያኔ እኔም ገና አልደረስኩበትም ነበር።

"ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ልወስድዎት ነው" አልኳቸው።

"ምን አጥፍቼ?" አሉ።

*

ሰኔ 14 ቀን 2011 ዓ.ም. አንኮሬጅ ገባን። ከሲያትል ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በረራ ነው። በመስኮቱ በኩል ያየሁትን እየነገርኳቸው ሄድኩ፦ ተራራ፣ በረዶ፣ ተራራ፣ ባሕር፣ አንድም ቤት የለም። አላስካ ከኢትዮጵያ አንድ ተኩል እጥፍ ይሰፋል፤ ሕዝቡ ግን 730,000 ገደማ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና "ታዲያ ማን ያርሰዋል?" አሉ።

አሜሪካ አገሩን ከሩሲያ የገዛችው እ.ኤ.አ. በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከመሞታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው። አባባ ነገር የሚይዙት በእንዲህ ያለ ምልክት ስለሆነ እንደዚያ ብዬ ነገርኳቸው። "ባለርስቶቹስ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ባለርስቶቹ፣ እነ ደናይና፣ እነ ኮዩኮን፣ አልተጠየቁም። "ድሮስ" አሉ።

የአባባ የእጅ ሰዓት በሲያትልም ቢሆን በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሚሞላው። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፤ ነገሩ ሁሉ ከፀሐይ ጋር የተያያዘ ነው። አንኮሬጅ ላይ ይህ ሰዓት ተበላሸ። ያን ቀን ፀሐይ የጠለቀችው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው፤ ከጠለቀችም በኋላ አልጨለመም። አባባ መስኮቱ ጋ ወንበር ስበው ዳዊታቸውን እንደያዙ "የሠርኩን ጸሎት መቼ ላድርስ?" አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። በመጨረሻ ሰዓቱን ካጃቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እስክንመለስም አላሰሩትም።

የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ በሶ፣ ቆሎና በፕላስቲክ የታሸገ እንጀራ ይዣለሁ። ከተማው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ በኬናይ ባሕረ ገብ መሬት ላይ መብረቅ ያስነሳው ሰደድ እሳት እየነደደ ነበር። አባባ ጭሱን አሽተው "ጥድ ነው" አሉ። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ አፍንጫቸው ቦታውን መያዙን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

*

በማግስቱ በባቡር ወደ ዴናሊ ሄድን። የአላስካ ባቡር ከስዋርድ ወደብ ተነስቶ ፌርባንክስ ድረስ 756 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። አንኮሬጅ ራሷ የበቀለችው በ1915 ለባቡሩ ሠራተኞች ከተተከለ የድንኳን ሰፈር ነው። ድሬዳዋን አስታወሰኝ፤ እሷንም የወለዳት ባቡር አይደል? ጣሪያው መስታወት በሆነ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠን ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። ጎብኚው ሁሉ ፎቶ ያነሳል። አባባ የሚጠይቁኝ የድልድዩን ቁመትና የሐዲዱን አቀማመጥ ነው።

ዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ 148 ኪሎ ሜትር። በበጋ የግል መኪና የሚፈቀድለት መጀመሪያው 24 ኪሎ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አስፋልቱም ያልቃል፣ የፓርኩ አውቶቡሶች ብቻ ይሄዳሉ። አውቶቡሳችን አረንጓዴ የተማሪ ሰርቪስ የመሰለ ነው። ሾፌሯ ሽበት ያላት ሴት ናት፤ ማርሽ ስትቀይር አባባ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን አንዱ ጎብኚ "ድብ!" ብሎ ጮኸ። አውቶቡሱ ቆመ። በግራ በኩል፣ ዳገቱ ላይ፣ አንዲት ወርቃማ እናት ድብ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሣር ትነጫለች። ሰዉ ሁሉ ወደ ግራ ተደራረበ።

"አዩዋት አባባ?"

"አየኋት። ምን ታክላለች!" አሉ።

ፊታቸው ወደ ቀኝ ነበር።

ምንም አላልኩም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እጄን ጭኔ ላይ አጣምሬ የሆነውን አሰብኩት። እኔ ይሻልዎታል ብዬ ዋሸሁ፤ እሳቸው አየኋት ብለው ይዋሻሉ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍለን፣ እስከ ዓለም ጫፍ ሄደን፣ አንዳችን ሌላውን እያባበልን ነው።

ከዚያ ፖሊክሮም የሚባለው ቦታ ደረስን። ተራራው ቀይ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ ነው። መንገዱ ጠጠር፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ አጥር የለው፣ በአንዱ በኩል ግድግዳ በሌላው በኩል ገደል። ጎብኚዎቹ ዝም አሉ። አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፈነች። አባባ ግን ቀና ብለው ተቀመጡ፣ የፊቱን ወንበር ብረት ያዙ፤ ከሲያትል ከተነሳን እንዲያ ነቅተው አላየኋቸውም።

"እዚህ ጋ አዲስ ጠጠር ነው" አሉ። "ጎማው ስር ይሰማል። ዝቅም ብሏል። ጠይቂያት፣ መንገዱ ይሰምጣል ወይ?"

ጠየቅኳት። ሾፌሯ በመስታወት አየቻቸው። አዎ አለች፤ ይህ ቁራጭ በየጊዜው እየሰመጠ ነው፤ የጥገና ሠራተኞቹ ይሞሉታል፣ ደግሞ ይሄዳል። ከሥሩ ዓመቱን ሙሉ ሳይቀልጥ የኖረ በረዶና የቀዘቀዘ አፈር አለ፤ አየሩ ሲሞቅ እሱ እየለቀቀ ነው።

ይህንን አሟልቼ ተረጎምኩት። አባባ ረጅም ጊዜ አሰቡ። "የኛ ጠላት ውሃ ነበር። የነሱ ደግሞ የሚቀልጥ በረዶ። ያው ውሃ ነው።" ከዚያ መንገዱ መቼ እንደተሠራ አስጠየቁኝ። ከ1923 እስከ 1938፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። "የሊማሊሞ እኩያ ነዋ!" አሉና ሳቁ። ስንወርድ ሾፌሯን እጇን ጨብጠው በእንግሊዝኛ "ጉድ ድራይቨር" አሏት። እሷም "የት ነው የሠሩት?" አለችኝ። የሚያውቅ ሰው ያውቃል።

እንደ ነገረችን፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ያ ቦታ ጨርሶ ተንሸራቶ መንገዱ ከመካከሉ ተዘጋ። ዜናውን ሳነብላቸው አባባ የዘመድ ሞት እንደሰሙ ከንፈራቸውን መጠጡ።

*

ታልኪትና በጣም ትንሽ ከተማ ናት፤ ተራራ ወጪዎቹ ወደ ዴናሊ የሚነሱት ከዚያ ነው። ወደ ተራራው የሚበሩት አውሮፕላኖች ከጎማቸው ጋር የበረዶ መንሸራተቻ ተገጥሞላቸዋል። ከመሳፈራችን በፊት ልጅቷ ሁላችንንም አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አወጣችን፤ ክብደት እንደልክ ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጡት። አባባ 54 ኪሎ ሆኑ። "ቡና መሰልኳት እንዴ?" አሉኝ። ቀላሉ እሳቸው ስለነበሩ ይሁን ሽማግሌ ስለሆኑ፣ ፓይለቱ ከጎኑ፣ ከፊት አስቀመጣቸው።

ያ ወንበር ስንት ዋጋ እንዳለው ያወቅኩት ከተነሳን በኋላ ነው። ግላኮማ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው፤ መሐሉ እስከ መጨረሻው ይቆያል። አባባ የሚያዩት በቀርከሃ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ጎን የለም፣ ፊት ብቻ። ከፊት ያለው መስኮት ደግሞ ሰፊ ነበር።

ዴናሊ 6,190 ሜትር ነው። ራስ ደጀን ላይ ሌላ 1,600 ሜትር ደርቡበት። አብዛኛውን ጊዜ ደመና ይሸፍነዋል፤ ከሦስት ጎብኚ አንዱ ገደማ ነው የሚያየው ይላሉ። ስሙ በኮዩኮን ቋንቋ "ከፍ ያለው" እንደ ማለት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1917 በአንድ ፕሬዚዳንት ስም ማኪንሊ አለው፣ በ2015 ዴናሊ ብሎ መለሰለት፣ በ2025 ደግሞ እንደገና ማኪንሊ አለው። የኛንም ራስ ደጀን ፈረንጅ "ዳሸን" ብሎ ጽፎት ራሳችን ተቀብለነው የለ? ተራራው እንደሆነ አይሰማ።

ያን ቀን ደመናው ከሥራችን ቀረ። ፓይለቱ አንድ ጫፍ አለፈና አውሮፕላኑን ትንሽ አዘነበለው። መጣ። ነጭ፣ የማያልቅ፣ ከሰማዩ ግማሹን የያዘ። የጆሮ ማዳመጫ አድርገን ስለነበር የአባባን ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ሰማሁት።

"ኧረ እግዚኦ።"

ደግመው "ኧረ እግዚኦ" አሉ። ፓይለቱ ቋንቋውን ባያውቅም ገባውና ፈገግ አለ። ከኋላ ሆኜ የማያቸው ማጅራታቸውን ብቻ ነው። አንዴም ወደ ጎን ሳይዞሩ፣ ቀጥ ብለው፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ ነበር። ያ እንደ ድቡ አልነበረም። ያን አይተውታል።

ሩት በሚባለው የበረዶ ግግር ላይ አረፍን። ከታች በኩል ግግሩ የሚያልፍበት ሸለቆ ግድግዳው ከ1,500 ሜትር በላይ የሚቆም ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የበረዶው ጥልቀት ደግሞ እዚያ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሞተሩ ሲጠፋ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ወፍ የለ፣ ውሃ የለ፣ ቅጠል የለ። አባባ ጓንታቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና በረዶውን አፈሱት።

እኛ ከሰማይ ለሚወርደው ድንጋይ መሰል ነገር፣ ለሚበነው ነጭ ዱቄት፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚረጋው ውሃ፣ ለዚህም ግግር፣ ለሁሉም "በረዶ" ነው የምንለው። ቃላችን አንድ ነው። ደጋ ያደገ ሰው "አመዳይ" ይላል፣ "ውርጭ" ይላል። አባባ እጃቸው ላይ ያለውን እያሟሙ "ይሄ አመዳይ ነው። ቧሂት ላይ አንድ ሌሊት ያደረግነውን" አሉ። ከዚያ እዚያው እንደ ጎነበሱ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣

"ልጄ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምቼዋለሁ።"

"ምኑን?"

"'ብላይንድ' አለ። ሁለት ጊዜ። አላውቀውም መስሎሽ ነው?" ቀና አሉ። "እኔ አውራ ጎዳና ስገባ መሐንዲሶቹ አሜሪካኖች ነበሩ። ሊማሊሞ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና የማይታይበት ጥምዝ ሁሉ 'ብላይንድ ከርቭ' ይባላል። ከመድረስሽ በፊት ጥሩምባ ነፍተሽ ነው የምታልፊው። ይቺን ቃል ከእንግሊዝኛ ሁሉ አስቀድሜ ነው ያወቅኳት።"

የምለው ጠፋኝ። ይቅርታም አላልኩም። እንባዬ ፊቴ ላይ ቀዘቀዘ፤ ይህ ለማሳመር አይደለም፣ በእርግጥ ቀዝቃዛ ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ በመጨረሻ።

"አንቺስ?"

ፓይለቱ ከሩቅ እጁን አውለበለበ። ሃያ ደቂቃችን አልቆ ነበር።

*

ወደ አንኮሬጅ ተመልሰን መኪና ተከራየሁና ወደ ስዋርድ ነዳሁ። ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው ተራራ። በመሐል የደረቁ ዛፎች ጫካ አለ፤ ግንዳቸው ነጭ ሆኖ እንደ አጥንት ቆሟል። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1964፣ በምዕራባውያኑ ስቅለት ዕለት፣ 9.2 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ አላስካን መታ። አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ቆየ። እዚህ መሬቱ ሁለት ሜትር ያህል ሰመጠ፤ የባሕር ውሃ ገብቶ ሥራቸውን ጨው አጠጣቸው። ዛፎቹ ሞቱ፣ ግን አልወደቁም። የስዋርድ ወደብም ያን ዕለት በማዕበልና በእሳት ጠፍቶ እንደገና የተሠራ ነው።

ከስዋርድ ዳር ኤግዚት የሚባል ግግር አለ። ወደ እሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ዓመት ብቻ የተጻፈባቸው ትንንሽ ምልክቶች ቆመዋል፦ 1917፣ 1951፣ 2005። በዚያ ዓመት በረዶው እዚህ ድረስ ነበር ማለት ነው። ከምልክት ወደ ምልክት እየሄዱ ግን በረዶውን አያገኙትም፤ ዳገቱ ላይ ወጥቷል። አባባ አንዱን ምልክት በጣታቸው ዳሰው ቁጥሩን አነበቡት። "የመቃብር ሐውልት ይመስላል" አሉ።

ያን ሲሉ ነው ልቤ የተረበሸው። ለምን እንደሆነ እስከ ማግስቱ አልገባኝም።

ማግስቱን በጀልባ ወጣን። ኬናይ ፊዮርድስ ይባላል፤ በረዶ የፈለፈላቸው ሸለቆዎች ውስጥ ባሕር የገባበት አገር ነው። የስምንት ሰዓት ጉዞ። በጀርባቸው የሚንሳፈፉ የባሕር ኦተሮች አየን፤ ድንጋይ ላይ የተኮለኮሉ የባሕር አንበሶች አየን። አባባ የባሕር አንበሶቹን በሽታቸውና በጩኸታቸው ለዩዋቸው። አንድ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ ደግሞ ከሁላችንም ቀድመው "ያው! በግራ!" አሉ፤ ሰዉ ወደ ግራ ሲዞር ጅራቱ ብቻ ወደ ውስጥ ሲገባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ከአባባ አጠገብ አልራቁም።

ምሳ ሥጋና ሳልመን ቀረበ። አባባ በሶአቸውን በጠበጡ።

አያሊክ ግግር ፊት ስንደርስ ካፒቴኑ ሞተሩን አጠፋው። ፊቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚሰፋ ሰማያዊ ግድግዳ ነው። ውሃው ላይ የተበተነው በረዶ እንደ ዘይት ይንጣጣል። ሁላችንም ጠበቅን። ድንገት አንድ ቤት የሚያህል ቁራጭ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ያለ ድምፅ። ውሃው ተነሳ። ከዚያ ነው ነጎድጓዱ የመጣው። ርቀን ስለቆምን ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል።

አባባ መውደቁን አላዩትም። ድምፁ ሲመጣ ብቻ ደነገጡ። "ወደቀ?" አሉኝ።

"ቅድም ወደቀ" አልኳቸው። "አሁን ነው የተሰማው።"

እዚያ ላይ ነው የያዘኝ። እማዬ በ2002 ዓ.ም. ስትሞት ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ከወጣሁ አልመለስም። ወንድሜ ደወለልኝ። የመሥሪያ ቤት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ለቅሶውን በስልክ ሰማሁት። ተቀብራለች፤ እኔ የምሰማው የሠልስቱን ነበር። ከዓመታት በኋላ ወረቀቴ አለቀ፣ ፓስፖርቴን ያዝኩ፣ ምክንያት አልቀረኝም። ግን አልሄድኩም። ገንዘብ፣ ሥራ፣ "የዘንድሮው ይለፍ"። ሊማሊሞ ለመድረስ ደባርቅን ማለፍ አለ። ደባርቅ ላይ ደግሞ የእማዬ መቃብር አለ። አባቴን የመጨረሻ ዓይናቸውን ይዤ አላስካ ያመጣኋቸው የማውቀው መቃብር የሌለበት አገር ስለሆነ ነው።

ለአባባ እንዲሁ ነገርኳቸው፤ ያለ ቅደም ተከተል፣ በነፋስ ውስጥ፣ ጋቢያቸውን አገጫቸው ድረስ እየጠቀለልኩላቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

"እናትሽ ቂም አታውቅም" አሉ። ከዚያ ጥቂት ቆይተው "እኔ ግን ትንሽ ቂም ይዤ ነበር" አሉ። "አሁን ተወኝ።"

ሌላ ቁራጭ ወደቀ። በዚህኛው ጊዜ ሲወድቅ ክንዳቸውን ጨበጥ አደረግኩት፤ ድምፁን ተዘጋጅተው ጠበቁት።

*

ኅዳር 2012 ሄድን። ጎንደር በአውሮፕላን፣ ከዚያ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና። ጊዜው ዕድል ነበር፤ ያኔ አላወቅንም። ከጥቂት ወራት በኋላ ኮሮና መጣ፤ በ2013 ጥቅምት ጦርነቱ ተነሳ፤ ያ መንገድም የወታደር መንገድ ሆነ። አንድ ዓመት "ይታያል" ብል ኖሮ ለዘለዓለም "ይታያል" ሆኖ ይቀር ነበር።

ስለ መቃብሩ ብዙ አልጽፍም። ወንድሜ ሲሚንቶ አስደርጎበታል፤ ስሟ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡና አብረውኝ አለቀሱ፤ አሥር ዓመት ዘግይቷል ያለኝ ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ መኪናውን አቆምን። አባባ ወጥተው የመንገዱን ዳር ድንጋይ በእጃቸው ፈልገው አገኙና ተደገፉት። ከሰኔ ወዲህ ግራው ዓይናቸውም በጣም ጠቦ ነበር። ጭጋጉ ከታች ገና አልተነሳም። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ምን ያህሉን እንዳዩት አልጠየቅኳቸውም።

"እስቲ ምን ይታያል?" አሉኝ።

"ጭጋግ አለ። ጫፎቹ ከላይ ወጥተዋል፤ አምስት፣ ስድስት። መንገዱ እስከ ሦስተኛው ጥምዝ ይታየኛል፣ ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። አንድ ኤንትሬ ተበላሽቶ ቆሟል፤ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገውበታል። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ናዳ ወርዷል፤ ግማሹን መንገድ ይዞታል።"

"ግማሹን?"

"ከግማሽ ይበልጣል።"

"የሚጠርገው ሰው አለ?"

አየሁ። "የለም" አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ታች ሆኖ የሚወጣ መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ ከሚታጠፍበት በፊት፣ እንደ ደንቡ። አባባ ጣታቸውን አነሱ።

"ቆዪ" አሉኝ። "አሁን ይመጣል።"